የስቴካዋ ዘጠኝ

ሐምሌ ነበር። ከጉና የሚወርደው ብርድ ደብረ ታቦርን እንደ ልማዱ በጊዜ ቤቷ አስገብቷታል። ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ጠላ ቤት አራት ጎረምሶች ካርታ ይጫወታሉ። ካርታው አርጅቷል፤ ጠርዙ ተልጧል፣ የፈሰሰበትን ጠላ ጠጥቶ አብጧል። ከ52ቱ አንዷ፣ ባለ ቀይ ልቧ ዘጠኝ፣ ከጠፋች ቆይታለች። በምትኳ ባለቤቲቱ ከኒያላ ሲጋራ ስቴካ በመቀስ ቆርጠው፣ በቀይ እስክሪብቶ ዘጠኝ ልብ ስለውባታል። ልቦቹ ቃሪያ ነው የሚመስሉት። ከጀርባዋ ስለምትለይ ማን እንደያዛት ሁሉም ያያል፤ ግን ለምደዋታል።

መኪናው ተበላሽቶበት የገባ አንድ መንገደኛ ጥግ ይዞ ሲያያቸው ቆየና፣ «ወንድሞቼ፣ ካርታችሁን ለአፍታ ታውሱኛላችሁ?» አለ።

«ጋሼ፣ ‹ቀይዋን ያየ› ከሆነ ብር የለንም» አለ አንደኛው። በየአውቶቡስ ተራው ሦስት ካርታ እያገላበጡ መንገደኛ የሚያራቁቱትን ማለቱ ነው።

«ብርህን ከኪስህ አታውጣ። በውዝና ስጠኝ።»

ልጁ እልህ እንደያዘው ሰው በወዘው። እንግዳው ተቀብሎ አንዴ ሁለቴ ከፈለ፣ ገጠመ፤ ከዚያ በእጁ ዘርግቶ አንዷን አስመረጠ። ሦስቱ ጓደኞችም አዩዋት። የተመረጠችውን ከላይ አስመልሶ ካርታውን ከመሃል ከፈለና የታችኛውን በላይኛው ላይ ጫነ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ከተተው። ዓይኑን ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ አንስቶ ዝናቡን የሚያዳምጥ መሰለ። ሲያወጣው የላይኛዋን ገለበጠ፤ ያቺው ናት።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። «ኧረ ጋሼ፣ አንዴ ይድገሙልን! በማርያም!»

እንግዳው ካርታውን አስተካክሎ ለጎረምሶቹ መለሰ። ባለቤቲቱ ጠላ እየቀዱ፣ «ቅኔ ይደገማል እንዴ?» አሉ። የመሪጌታ ልጅ ናቸው። እንግዳው ዞር ብሎ አያቸው፤ እሳቸውም ወደ ብርጭቆው አቀረቀሩ። ካርታውን መጀመሪያ ሲቀበል የቀኝ አውራ ጣቱ በጠርዙ ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ አንድ ቦታ ገታ ማለቱን ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ምሥጢሩ ይህን ያህል ነው። ስቴካ ከካርታ ይወፍራል። እንግዳው ጣቱ ያገኛትን ዘጠኝ ከፍሎ ከታች አዋላት፤ የተመረጠችው ከላይ ስትመለስና ካርታው እንደገና ሲከፈል፣ ወፍራሟ በተመረጠችው ላይ ገብታ ተኛች። ጠረጴዛ ሥር ያለ ጣት ዓይን አያስፈልገውም፤ ወፍራሟን ፈልጎ ከሥሯ መክፈል ይበቃዋል። የራሱን ካርታ ይዞ የሚዞር ምትሃተኛ ቤቱ ሲያዘጋጅ ያድራል። የተዋሰ ሰው ግን ያለው የሰው ካርታ ነው፣ ያውም ከነጉድለቱ። ይህኛው ጉድለቱን ሥራ አስያዘው።

የሴትዮዋም ንግግር እንዲሁ የመጣ አይደለም። አገሩ የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያዋ ዙር አምባ ያሉበት አገር ነው። ባለቅኔ የራሱ የሆነ ቃል የለውም፤ የግእዙ ግስ የሁሉም ነው፣ ተውሶ ነው የሚቀኘው። ለዕለቱ የተቀኘውን ለዕለቱ ይሰጣል፤ የትናንቱን ዛሬ ይዞ መቆም ያሳፍራል። ወርቁንም የሚሸሽገው ሩቅ ቦታ አይደለም። ሁሉም በሚያውቃት፣ ከመልመዱ የተነሣ በማያዳምጣት አንዲት ቃል ውስጥ ነው፤ ኅብር የሚሏት እሷን ነው። መምህሩ ቅኔውን ሳይጽፍ ከአፉ ሲያፈሰው «ዘረፈ» ይባላል። የአውቶቡስ ተራዎቹም ይዘርፋሉ። አማርኛ ለሁለቱ አንድ ቃል መስጠቱ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ጎረምሶቹን ሞኝ የሚል ሰው ካለ ሁዲኒን ያስታውስ። ያ ስመ ጥር ምትሃተኛ አንድን ጨዋታ ሦስት ጊዜ ካየሁ አያመልጠኝም እያለ ይፎክር ነበር። በ1922 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ዳይ ቨርነን የሚባል ወጣት የሁዲኒ የስም መነሻ ፊደላት የተጻፉባትን ካርታ ከላይ ሁለተኛ አድርጎ እያስገባ፣ መልሶ ከላይ እያወጣ ደጋግሞ አሳየው። ሁዲኒ አልያዘውም። ለነገሩ አለመድገም የሙያው ደንብ ነው፤ ቨርነን ደንቡን ጥሶ ነው ያሸነፈው። ሴትዮዋ ቢሰሙ ደስ የሚላቸው አይመስለኝም።

መኪናው ተጠግኖ እንግዳው ከሄደ በኋላ ጎረምሶቹ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ በተኑት። አንድ በአንድ ወደ መብራቱ እያነሱ አዩ፣ አሸተቱ፣ ጠርዙን በጥፍር ፋቁ። 51ዱንም ጨረሱ። የስቴካዋን ዘጠኝ ገና ሲጀምሩ ለይተው አውጥተዋት፣ ዝንብ እንዳይገባ የአንዳቸው ብርጭቆ ላይ ከድነዋት ነበር።