ግፊያ የሌለበት በዓል፦ ስለ ጋራ ዕረፍትና ስለ ወረፋ ፍትሕ

በአሜሪካ በመኪና ተጉዞ ወደ መዝናኛ ፓርክ ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው መጫወቻ እንደሚሻል ሳይሆን በየትኛው ቀን ቢሄድ ሰው እንደሚቀንስለት ነው። መዝናኛ ፓርክ ሲባል ሮለር ኮስተር የሚባሉት፣ በከፍተኛ ሐዲድ ላይ ወጥተው ቁልቁል የሚወረወሩት ባቡሮችና ሌሎች ልዩ ልዩ መጫወቻዎች በአንድ ሰፊ ግቢ ተሰባስበው የሚገኙበት፣ ቤተሰብ ከነልጆቹ ቀኑን ሙሉ የሚውልበት ስፍራ ማለት ነው። ቀን የመምረጡ ነገር ላይ ላዩን ሲታይ የገንዘብና የሰዓት ቁጠባ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን የሃይማኖት መምህራንም ፈላስፎችም ሲመላለሱበት የኖሩትን ጥያቄ ይዟል፤ ይኸውም ሰው ማረፍ የሚገባው ከሌሎች ሰዎች ጋር ነው ወይስ ከሌሎች ሰዎች ተለይቶ የሚለው ነው።

ነገሩን በአንድ ስፍራ ላይ አስደግፎ ማየት ይበጃል። በኦሃዮ ግዛት፣ ሳንደስኪ በምትባለው ከተማ አጠገብ፣ ወደ ኢሪ ሐይቅ በገባ ባሕረ ገብ መሬት ላይ የሚገኘው ሲዳር ፖይንት በ1870 የመዋኛ ዳርቻ ሆኖ የተጀመረ ነባር ፓርክ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሐይቁ ዳርቻ ብርድ ስለሚጠና ፓርኩ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም፤ በሜይ ወር ይከፈትና በመጸው መጨረሻ ይዘጋል፤ ከሴፕቴምበር መግቢያ በኋላ ደግሞ ተማሪዎች ወደ ትምህርታቸው ስለሚመለሱ በአብዛኛው የሚከፈተው በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነው። ሃሎዊን ከተባለው የኦክቶበር ማብቂያ በዓል ጋር የተያያዘ ዝግጅት ከ1997 ጀምሮ ስለሚያቀርብ፣ የኦሃዮና የሚሺጋን ሕዝብ በወሩ ውስጥ ባሉት ጥቂት ቅዳሜዎች ላይ ይደራረባል። ሚሌኒየም ፎርስ የተባለው በ2000 የተከፈተ ሮለር ኮስተር ወደ 94 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወረወር ሲሆን፣ ጉዞው ከተጀመረ ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ያበቃል። ተሳፋሪው ግን ለእነዚህ ሁለት ደቂቃዎች ሲል በብረት አጥር መካከል ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ በሚመላለስ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ አንድ እርምጃ ተራምዶ ብዙ ደቂቃ እየቆመ፣ በግፊያ ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ይጠብቃል፤ መተላለፊያው ስለሚመላለስም በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ያንኑ ልጁን በትከሻው የተሸከመ አባት፣ ያንኑ የውሃ ጠርሙስ የሚቀባበሉ እኅትማማቾች ፊት ለፊት እየተላለፈ ደጋግሞ ያያቸዋል።

ይህን የሚያውቅ ጥንቁቅ እቅድ አውጪ ከቅዳሜ ይልቅ ማክሰኞን ይመርጣል፤ የትምህርት ቤቶች የጋራ ጉብኝት የሚበዛበትን የሜይ መጨረሻና የጁን መጀመሪያ ያልፋል፤ ከፓርኩ ቅርብ በሆነ ከተማ አድሮ በሩ ሳይከፈት ይደርሳል፤ ሌላው ሰው ምሳ በሚበላበት ሰዓት ወረፋ ይገባል፤ ሰማዩ ሲደምን ሌሎች ሲመለሱ እርሱ ይቀራል። ይህ ሁሉ ብልሃት ነው፤ ነቀፋም የለበትም። ነገር ግን ብልሃቱ ሁሉ የሚሠራው ሌሎች ሰዎች እንደ ወትሯቸው በአንድ ቀን ስለሚያርፉ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚያርፉት ተፈጥሮ አስገድዷቸው ብቻ አይደለም፤ ሕግም ያዛቸዋል። ለዚህ ከቨርጂኒያ ግዛት የተሻለ ምስክር አይገኝም። ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ በሚወስደው አይ-95 በተባለው አውራ ጎዳና አጠገብ፣ ዶስዌል በተባለ ስፍራ በ1975 የተከፈተ ኪንግስ ዶሚኒየን የሚባል ፓርክ አለ። የግዛቲቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1986 የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከሌበር ደይ በፊት ትምህርት እንዳይጀምሩ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ሌበር ደይ ማለት ከ1894 ጀምሮ በመላው አሜሪካ በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ የሚከበር የሠራተኞች በዓል ነው። ሕጉ ለመዝናኛ ፓርኮች የኦገስትን ገበያና ወጣት ሠራተኞችን ስለሚያቆይላቸው ሕዝቡ የኪንግስ ዶሚኒየን ሕግ ብሎ ሰየመው፤ የተሻሻለውም በ2019 ነው። ሕጉ የተደገፈው ለንግድ ሲባል መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ሕግ አውጪዎቹ አስበውትም ሆነ ሳያስቡት፣ የአንድ ግዛት ሕፃናት በአንድ ሰሞን እንዲያርፉ የሚያደርግ የጋራ ቀን መቁጠሪያ አጸኑ።

የጋራ ዕረፍት ሐሳብ ከዚህ እጅግ የቆየ ነው። የሰንበት ትእዛዝ በኦሪት ዘጸአትና በኦሪት ዘዳግም ሁለት ጊዜ ሲጻፍ ምክንያቱ በአንደኛው የፍጥረት ሥራ መፈጸም፣ በሁለተኛው ደግሞ ከግብፅ ባርነት መውጣት ሆኖ ተሰጥቷል፤ በሁለቱም ስፍራ ግን ዕረፍቱ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለልጆቹ፣ ለአገልጋዮቹ፣ ለከብቱና በደጁ ላለው መጻተኛ ጭምር የታዘዘ ነው። ዘዳግም አገልጋዩ እንደ ጌታው እንዲያርፍ ለይቶ ማዘዙ ዕረፍት የብልኅ ሰው ግኝት ሳይሆን ሁሉም በአንድ ላይ የሚቀበለው ስጦታ መሆኑን ያመለክታል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክም የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜ እንደ እሑድ ሰንበት ሆና እንድትከበር ለረጅም ዘመን ታግለው፣ ጉዳዩ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ቀኖች እንዲከበሩ ተወስኖ ያበቃው፣ የማረፊያው ቀን የሁሉም መሆን እንዳለበት ተከራካሪዎቹ ስለሚያምኑ ነው። ክርክሩ የትኛው ቀን ነው የሚል ነበር እንጂ እያንዳንዱ ሰው የሚመቸውን ቀን ይምረጥ የሚል ወገን አልነበረም።

እያንዳንዱ ሰው በተለያየ ቀን ቢያርፍ ግፊያ ይቀራል ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ሐሳቡ በተግባር ተፈትኗል። የሶቪየት ኅብረት መንግሥት በ1929 ፋብሪካዎች ያለ ማቋረጥ እንዲሠሩ ብሎ ሰባት ቀን ያለውን ሳምንት በአምስት ቀን ተካው፤ ሠራተኞችንም በአምስት ቡድን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን በቀለም የተለየ የዕረፍት ቀን መደበለት። በየዕለቱ ከአምስት ሰው አንዱ ስለሚያርፍ ግፊያው ተከፋፈለ፤ ነገር ግን ባል በአንዱ ቀን፣ ሚስት በሌላው፣ ወዳጅም በሦስተኛው ቀን የሚያርፉ ሆኑ፤ እሑድም ከነጸሎቷ ከሠራተኞቹ ሕይወት ወጣች፤ ይህ የኋለኛው ደግሞ ሃይማኖትን ለማዳከም ለሚፈልገው መንግሥት የተወደደ ውጤት ነበር። ሥርዓቱ ብዙ ሳይቆይ በ1931 ሁሉም በአንድ ቀን በሚያርፍበት የስድስት ቀን ሳምንት ተተካ፤ በ1940 ደግሞ የሰባት ቀኑ ሳምንት ከነእሑዱ ተመለሰ። ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ባዶ መናፈሻ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ከሥራ ተገላግሏል እንጂ በዓል አላከበረም።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የአሜሪካ ሕዝብ ከዲሴምበር 25 እስከ አዲሱ ዓመት ባለው ሳምንት በአንድ ላይ ሲያርፍ በፍሎሪዳ የሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በዓመቱ ከሚያስተናግዳቸው ግፊያዎች ሁሉ የከፋውን ያስተናግዳል፤ የኢትዮጵያ ገና ግን ጃንዋሪ 7 ላይ ሲደርስ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፣ ሰውም ወደ ሥራው ተመልሷል። በዚያ ቀን ለጉዞ የሚነሳ ቤተሰብ መንገዱ ሊቀለው ይችላል፤ ነገር ግን ልጁን ከትምህርት ማስቀረት፣ አባትም እናትም ከየአሠሪያቸው ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው፤ ከሌሊቱ ቅዳሴ በቀጥታ ወደ ሥራ የሚሄዱ ምእመናንም ብዙዎች ናቸው። በዓሉ ከአገሩ የጋራ ቀን መቁጠሪያ ውጭ የሆነበት ማኅበረሰብ ወረፋ ባይኖርበትም ዕረፍቱ ጎደሎ ነው። ስለዚህ ግፊያ የዕረፍት ጠላት ተደርጎ መቆጠሩ ስሕተት ነው፤ ግፊያ ሁሉም ለማረፍ መብት ያገኘበት ኅብረተሰብ የሚከፍለው ዋጋ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ብሌዝ ፓስካል ከሞቱ በኋላ በ1670 በታተመው ሥራው፣ ሰው ወደ ጫጫታና ጨዋታ የሚሮጠው ብቻውን ተቀምጦ ራሱን ማየት ስለማይችል ነው የሚል ሐሳብ አቅርቧል፤ በዚህ ሚዛን ሮለር ኮስተር ከሰንበት ጋር አብሮ መጠራቱ እንኳ ድፍረት ይሆናል። የፓስካል ሐሳብ ለጨዋታው ራሱ እውነትነት ይኖረዋል፤ ወረፋው ግን ሌላ ነገር ነው። ወረፋ ላይ የሚቆም ሰው የሚያመልጥበት የለም፤ ልጁ ይጠይቀዋል፣ ሚስቱ ታወራዋለች፣ ከኋላው ያለው እንግዳ ሰው ከየት እንደመጣ ይነግረዋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተራው እስኪደርስ መጠበቁ የሌላው ሰው ጊዜ ከእርሱ ጊዜ እኩል መሆኑን በአካሉ እንዲቀበል ያደርገዋል።

ይህን እኩልነት የሚያፈርሰው በገንዘብ የሚገዛው ፈጣን መስመር ነው። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በ1999 ፋስትፓስ የተባለውን የቀጠሮ ወረቀት ለሁሉም እንግዳ በነጻ መስጠት ጀምሮ ነበር፤ በ2021 ግን በእርሱ ፋንታ በክፍያ የሚገኝ አሠራር መጣ። በሲዳር ፖይንትም ሆነ በኪንግስ ዶሚኒየን ፋስት ሌን የሚባል፣ ከመግቢያው ዋጋ በላይ ተጨማሪ ገንዘብ የከፈለ ሰው በአጭሩ ወረፋ የሚገባበት መስመር ይሸጣል። ነገሩን በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ መጫወቻ በሰዓት 1,200 ሰው ያሳፍራል፣ በወረፋውም 600 ሰው ቆሟል እንበል፤ መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው 30 ደቂቃ ይጠብቃል። ከእነዚያ መቀመጫዎች በሰዓት 400ው ለከፋዮች ቢሰጡ ለተራው ወረፋ የሚተርፉት 800 ስለሆኑ ያው ሰው 45 ደቂቃ ይጠብቃል። ባቡሩ አልፈጠነም፣ መቀመጫም አልተጨመረም፤ ከፋዩ ያገኘው ጊዜ ካልከፈለው ሰው ላይ የተወሰደ ነው፤ ፓርኩም የሸጠው የራሱን ሳይሆን የሌላ እንግዳውን ጊዜ ነው።

ኢኮኖሚስቱ ፍሬድ ሄርሽ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ነገር ከሌላው ሸቀጥ ለይቶ አይቶታል፤ ዋጋው ሌላው ሰው ስላላገኘው ብቻ የሚኖር፣ ሁሉም ሲያገኘው ግን የሚጠፋ ጥቅም ነው። ሁሉም እንግዳ ፈጣኑን መስመር ቢገዛ ፈጣን መስመር የሚባል ነገር አይኖርም። ማይክል ሳንደል የተባለው የሃርቫርድ ፈላስፋም በ2012 ባወጣው የገበያን የሥነ ምግባር ወሰን በሚመረምር መጽሐፉ ስለ ወረፋ መሸጥ ሲጽፍ የመዝናኛ ፓርኮችን ከምሳሌዎቹ አንዱ አድርጓቸዋል። ማክሰኞን የመረጠው ቤተሰብ ግን በዚህ አይከሰስም። ከቅዳሜው ግፊያ ራሱን በማውጣቱ ለቅዳሜው ሰው ቦታ ለቀቀለት እንጂ አልቀማውም፤ ሁሉም ሰው ማክሰኞን ቢመርጥ እንኳ ግፊያው ቀን ይቀይራል እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይጫንም። ማቀድና መግዛት ሁለቱም ወረፋን የማሳጠር ዘዴዎች ቢሆኑም በሥነ ምግባር ሚዛን አንድ አይደሉም፤ ይህን ልዩነት የሚያድበሰብስ መመሪያ ለተጓዡ አይጠቅመውም።

ሁሉም ሰው ማክሰኞን መምረጥ አለመቻሉ ግን መዘንጋት የለበትም። ቀን መምረጥ የሚችለው ፈቃድ ሲወጣ ደመወዙ የማይቆረጥበት ሰው ነው፤ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ የሚያርፈው ሲያሳርፉት ነው። በጤና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ረጅም ወረፋ መቆም ለማይችል እንግዳ ብዙ ፓርኮች የሚያደርጉለት ልዩ ዝግጅት ደግሞ ከሚሸጠው መስመር ጋር ፈጽሞ ሊነጻጸር አይገባም፤ ለችግር የሚሰጥ ቅድሚያ እኩልነትን ይጠብቃል። ከወረፋው ማዶ የሚቆመው ሠራተኛም አለ፤ የደኅንነት ቀበቶውን በየባቡሩ እየጎተተ የሚፈትሸው ወጣት በሌሎች በዓል ላይ በፀሐይ የሚውል ነው። ኦሪት አገልጋዩን በስም ጠርታ ዕረፍት ስታዝ ያሰበችው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ ከወረፋ የመጣ ቁጣውን በእርሱ ላይ የሚያወርድ እንግዳ የጋራ ዕረፍት ምን እንደሆነ አልገባውም።

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በኦሃዮ የሚገኙ የኢትዮጵያውያን አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት የልጆች የበጋ ጉዞ ሲያዘጋጁ፣ ወረፋ የማይኖርበትን ቀን ከመፈለግ ይልቅ በፈረቃ የሚሠሩት እናቶችና አባቶች ከልጆቻቸው ጋር አብረው ሊውሉ የሚችሉበትን ቀን ጠይቀው ይወስኑ። በሩ ሳይከፈት ይድረሱ፤ አረጋውያን የሚያርፉበትን ጥላ አስቀድመው ይያዙ፤ ለፈጣን መስመር ሊወጣ የታሰበ ገንዘብ ካለም የመግቢያውን ዋጋ መክፈል ያልቻለ ቤተሰብ ይግባበት።