ከጉምሩኩ በር ጀምረህ ወደ ኋላ ቁጠር

የወንድሜ ልጅ፣ ዱባይ ያገኘኸውን ያገለገለ መኪና ወደ አገር ቤት ልትልክ ማሰብህን ሰማሁ። የላብህ ፍሬ ነውና ይባረክልህ። ግን አባቶች «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ያሉት እንዲህ ላለው ቀን ነው። አል አዊር የመኪና ገበያ ላይ የሚነግሩህ ዋጋ ሳሩ ነው፤ ገደሉ ጉምሩክ ዘንድ ነው። ስለዚህ ሒሳብህን ከሻጩ አትጀምር፤ ከጉምሩኩ በር ጀምረህ ወደ ኋላ ቁጠር።

መጀመሪያ መኪናው የሚገባ ዓይነት መሆኑን እወቅ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ አገሪቱን ስለከበዳት ነው። «ሰው አለኝ፣ አስገባልሃለሁ» የሚል ደላላ አይጠፋም። እሱ ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል፤ አንተ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያልህ ጅቡቲ ለቆመ መኪና የወደብ ኪራይ ስትከፍል ትኖራለህ።

የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ከቫት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎት፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ነበር ያስቀረበት። ይህን ይዘህ ግን አትተኛ። በመመሪያ የመጣ በመመሪያ ይሄዳል። ቀድሞም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ባረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጭን፣ ከዚያ በፊት የተሠላውን ስሌት ሁሉ ከንቱ አድርጎታል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ፈቃድ ያለው ትራንዚተር የዛሬውን መመሪያ አይቶ ይንገርህ። ቀረጡም የሚሠላው ለሻጩ በከፈልኸው ላይ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የመርከቡ ጭነትና መድን ይደመርበታል። ጉምሩክ ደረሰኝህን ከተጠራጠረ ደግሞ ዋጋውን ራሱ ይተምናል።

ቀጥሎ መኪናውን መርምር። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በ75 ዓመት ውስጥ ያልታየ ዝናብ ዱባይን ሲያጥለቀልቅ ብዙ መኪና ሰጥሟል። ውሃ የገባበት መኪና ታጥቦና ተወልውሎ ገበያ ሲወጣ እያሳሳቀ ይወስድሃል። ምንጣፉን ገልጠህ አሽት፣ የወንበሩን ሐዲድ ዝገት እይ፣ የደህንነት ቀበቶውን እስከ ጫፉ ስበህ ጭቃ ፈልግ። ከአሜሪካ ጨረታ የመጣ ከሆነ በ17 ፊደልና አኃዝ በተጻፈው የሻንሲ ቁጥር ታሪኩን አስወጣ፤ ተጋጭቶ የተጠገነ ብዙ አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ዋና ሀብቱ ባትሪው ነውና፣ ምን ያህል አቅም እንደቀረው ሰርቪስ ሰጪው በመሣሪያ ለክቶ በወረቀት ይስጥህ። መሰኪያውንም ጠይቅ፤ የቻይናው፣ የአውሮፓውና የአሜሪካው ይለያያል። አዲስ አበባን ከሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ቢዋይዲና ለቻይና ገበያ የተሠሩ ቮልስዋገኖች ናቸው። እዚህ ያለ ጋራዥ የለመደውን መኪና ብትመርጥ መለዋወጫ ፍለጋ አትንከራተትም።

ወረቀቱን ደግሞ ሳትቸኩል አሰናዳ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»ና። የባንክ ብድር ያለበት መኪና ዕዳው ሳይዘጋ ከዚያ አገር አይወጣም። የግዢ ደረሰኙ፣ የኤክስፖርት ሰርተፊኬቱና የመርከብ ጭነት ሰነዱ ላይ ያለው ስምና የሻንሲ ቁጥር በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ። የሚረከብልህ ታናሽ ወንድምህ ከሆነ ዱባይ ካለው ቆንስላችን ውክልና ላክለት፤ እዚህም በውጭ ጉዳይና በሰነዶች ማረጋገጫ ይለፍ። ውክልናው ለማስገባት ብቻ ነው ወይስ ለመሸጥም ጭምር? ዛሬ በግልጽ አስጽፈው። ወንድምህን መጠርጠር አይምሰልህ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በመኪና የተነሣ ሽማግሌ ፊት የቆሙ ወንድማማቾች ብዙ አይቻለሁ፤ አብዛኞቹን ያጣላቸው ያልተጻፈ ነገር ነው።

በመጨረሻ ዋጋውን፣ መርከቡን፣ መድኑን፣ ቀረጡን፣ ወደቡን፣ ከጅቡቲ በጋላፊ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያለውን ማጓጓዣና የትራንዚተሩን ክፍያ ደምር። ድምሩን ቀረጡ ተከፍሎ፣ ሰሌዳ ወጥቶለት አዲስ አበባ ከሚሸጥ ተመሳሳይ መኪና ጋር አስተያየው። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ገንዘቡን በባንክ ልከህ እዚሁ ግዛ፤ «ራሱ አስገባው» ለመባል ስትል የሳምንት እንቅልፍ አትጣ። ልዩነቱ የሚያወላዳ ከሆነ ግን የሻንሲ ቁጥሩንና የደረሰኙን ረቂቅ ላክልኝ፤ ትራንዚተሩ ዘንድ እኔው እሄዳለሁ። እስከዚያ ቀብድ አትክፈል።