ማስጠንቀቂያን መስማትና አደራን መጠበቅ

የሰው ልጅ ያለውን ሁሉ በገዛ እጁ ሊጠብቅ ስለማይችል፥ ከፊሉን ለሌላ ሰው በአደራ ይሰጣል። ባለቤት በንብረቱ ቢዘናጋ የሚጎዳው ራሱን ነው፤ አደራ ተቀባይ ቢዘናጋ ግን የሚጎዳው ሌላውን ነው። እንግዲህ ሌባ ገብቶ አደራውን ቢወስድ፥ ጥፋቱ የሌባው ብቻ ነውን? ወይስ በሩ ክፍት መሆኑ ተነግሮት ሳይዘጋ የቀረው ጠባቂም ይጠየቅበታል? ይህን ጥያቄ በዘመናችን ከተፈጸመ አንድ ነገር ጋር አያይዘን ልንመረምረው እንወዳለን።

በአሜሪካ፥ በአትላንታ ከተማ፥ ኢኩዊፋክስ የሚባል ኩባንያ አለ። ሥራው ብድር የሚጠይቁ ሰዎች ዕዳቸውን በአግባቡ የሚከፍሉ መሆን አለመሆናቸውን የሚያሳይ መዝገብ መያዝ ነው። በመዝገቡ ላይ ስሕተት ያገኘ ሰው አቤቱታውን በኢንተርኔት ያቀርብ ነበር፤ ይህን አገልግሎት የሚሰጠው ሰርቨር ይሠራበት የነበረው ሶፍትዌር አፓቼ ስትረትስ ይባላል። ማርች 7 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የሶፍትዌሩ ሠሪዎች በሥራቸው ላይ ቀዳዳ መገኘቱን ከነመጠገኛው ለዓለም አስታወቁ። ከሩቅ የሚመጣውን ጥያቄ የሚቀበለው ክፍል፥ በጥያቄው ራስጌ ላይ ተንኮለኛ ቃል ቢጻፍበት፥ ቃሉን እንደ ጌታው ትእዛዝ ቆጥሮ ይፈጽመው ነበር። ይህም ደብዳቤ የሚቀበል ዘበኛ በፖስታው ላይ «ግምጃ ቤቱን ክፈት» የሚል ጽሑፍ ቢያነብ፥ ማን እንደ ላከው ሳይጠይቅ ተነሥቶ እንደ መክፈት ነው።

በማግሥቱ የመንግሥት ማስጠንቀቂያ ለኩባንያው ደረሰ። ማርች 9 ቀን ቀዳዳው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲደፈን ለሠራተኞቹ የውስጥ ትእዛዝ ተላለፈ። ማርች 15 ቀን ፍተሻ ተደረገ፤ ነገር ግን ቀዳዳውን ሳያገኘው ቀረ። ሜይ 13 ቀን ሌቦቹ በዚያው የአቤቱታ በር ገቡ፤ እስከ ጁላይ መጨረሻም ድረስ ሳይታወቅባቸው ቆዩ። የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተወሰደ፤ ከዚህም ውስጥ ስማቸው፥ የልደት ቀናቸውና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥራቸው ይገኝበታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፥ ሕዝቡ ነገሩን የሰማው ሴፕቴምበር 7 ቀን ነው። የተሰረቀ ገንዘብ ሊተካ ይችላል፤ የተወለደበትን ቀን ግን ማን ሊለውጥ ይችላል?

በ2020 የአሜሪካ መንግሥት አራት የቻይና ጦር ሠራዊት አባሎችን በዚህ ስርቆት ከሰሰ፤ የቻይና መንግሥትም ክሱን አስተባበለ። ሌባው ማንም ይሁን ማን ወንጀለኛ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ጥፋት እንደ እንጀራ አይደለም፤ ሲካፈሉት አያንስም። የሌባው ኃጢአት የጠባቂውን ቸልተኝነት አይሽረውም፤ የጠባቂውም ቸልተኝነት ለሌባው ምክንያት አይሆነውም።

የኩባንያው የቀድሞ ዋና ሥራ አስኪያጅ በኦክቶበር 2017 በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርበው ሲጠየቁ፥ ትእዛዙን ለሚመለከተው ማድረስ የነበረበት አንድ ሰው ሳያደርስ መቅረቱን አስረዱ። ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የብዙ ሚሊዮን ሰዎች አደራ በአንድ ሰው ማስታወስና መርሳት ላይ ተንጠልጥሎ እንዲኖር የፈቀደው ማን ነው? ክሩ ሲበጠስ ክሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ ሸክሙን በክር ያንጠለጠለው ግን አለቃው ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ «ደብዳቤ ጽፌአለሁ»፥ «ፈልጌ አጣሁ»፥ «ለእገሌ ነግሬዋለሁ» የሚሉ ሦስት መልሶች ይሰማሉ። ሦስቱም እውነት ሆነው ሳለ በሩ ክፍት ሊያድር ይችላል። የደብዳቤው ቁጥር በመዝገብ ሰፍሮ፥ ቅጂው በፋይል ተቀምጦ፥ ሥራው ሳይሠራ ይቀራል። ፈልጎ ማጣትም ቢሆን ይቅርታ የሚያሰጠው ቤቱ ስንት በር እንዳለው አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። የጠባቂ ሥራ የሚለካው በተጻፈው ወረቀት ብዛት አይደለም፤ ሄዶ በሩን በእጁ በመግፋትና መዘጋቱን በማረጋገጥ ነው።

በአገራችንም ፋይዳ በተባለው ዲጂታል መታወቂያ የሚሊዮኖች ስምና የጣት አሻራ በመዝገብ ሰፍሯል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ታላቅ አደራም ነው። ስለዚህ በማንኛውም መዝገብ ላይ የተሾመ ሰው ማስጠንቀቂያ በደረሰው ጊዜ «ለማን ልምራው?» ብሎ ብቻ ሳይቀር፥ «ተፈጸመ ወይ?» ብሎ እስከ መጨረሻው ሊከታተል ይገባዋል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ቅጠሉን በእጁ ይዞ ለሚነሣ ሰው ነው።