ተወኩል እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



በየሰፈራችን ሁለት ዓይነት ወጣቶች እናያለን። አንደኛው «ሪዝቅ የተጻፈ ነው» እያለ ጫት ቤት ተጋድሞ ይውላል። ሁለተኛው ደግሞ «በዚህ አገር ሪዝቅ የለኝም» ብሎ ተስፋ በመቁረጥ፣ ማንንም ሳያማክር፣ ራሱን ለደላላ አስረክቦ ከጅቡቲ ኦቦክ ወደ የመን በምትሻገር ጀልባ ይሳፈራል። ስንቱ በመንገድ ቀርቷል! ስንት እናት የልጇን ወሬ እንኳ ሳትሰማ ዓመታት ትቆጥራለች! የሁለቱም ችግር አንድ ነው፤ ተወኩልን አለመረዳት። ለሁለቱም የሚሆን ትምህርት ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) በዚያው በቀይ ባሕር ዳር፣ በድንጋይ ላይ አስቀምጦልናል።

በሱረቱ ሁድ 6ኛ አንቀጽ ላይ የፍጥረት ሁሉ ሲሳይ በአላህ ላይ መሆኑ፣ መኖሪያውንም ማረፊያውንም እርሱ የሚያውቅ መሆኑ ተነግሮናል። ታዲያ ዕድሜውን ሙሉ ከአንድ ድንጋይ ፈቀቅ የማይል ፍጥረት ሲሳዩን እንዴት ያገኛል?

ይህ ፍጥረት ባርናክል ይባላል። በቀይ ባሕር ዳር የሚገኘውን ዝርያ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ቴትራክሊታ ሩፎቲንክታ ይሉታል። «ቴትራ» በግሪክኛ አራት ማለት ሲሆን፣ የቤቱ ግድግዳ ከአራት ቅርፊቶች የተገጣጠመ ነው። ቅርጹ አፉ የተከፈተ ትንሽ እሳተ ገሞራ ይመስላል። ግድግዳው ወጥ አይደለም፤ ውስጡ በጥቃቅን ቱቦዎች የተሞላ ነው። በአናቱ ላይ ደግሞ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለው። መኖሪያው ማዕበል በሚመታው፣ ውኃው መጥቶ በሚሸሽበት የድንጋይ ወገብ ላይ ነው።

ሰዎች ቅርፊቱን አይተው ለረጅም ጊዜ ተሳስተዋል። ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ከዛጎል ለባሾች ጋር መደበው። እ.ኤ.አ. በ1830 ጆን ቮን ቶምሰን እጮቹን ተከታትሎ ሲያጠና ግን የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ሱብሓነላህ! የውጭ ቅርፊት የውስጥን ማንነት አይነግርም።

አሁን አኗኗሩን እናስተውል። እጩ ከእንቁላል ሲወጣ በባሕር ውስጥ እየዋኘ ይመገባል። በመጨረሻው የእጭነት ደረጃው ግን መብላቱን ያቆማል፤ ሥራው ቦታ መፈለግ ብቻ ይሆናል። በግንባሩ ባሉት ሁለት ጥቃቅን አንቴናዎች ድንጋዩን እየዳሰሰ ይራመዳል፤ ካልተስማማው ትቶ ይሄዳል። ከፍ ቢል ፀሐይ ያደርቀዋል፤ ዝቅ ቢል ጠላት ይበዛበታል። የዘመዶቹን ምልክት ካገኘ ከእነርሱ አጠገብ መስፈርን ይመርጣል። ከዚያ በኋላ ከራሱ በሚወጣ ማጣበቂያ ጭንቅላቱን ከድንጋዩ ጋር ያጣብቃል። ከዚህ ወዲያ መነሣት የለም!

ውኃው ሲመጣ በሩን ከፍቶ እንደ ላባ የሳሱ ስድስት ጥንድ እግሮቹን ይዘረጋል፤ ማዕበሉ ያመጣለትን ጥቃቅን ምግብ እየጠለፈ ወደ አፉ ያስገባል። ውኃው ሲሸሽ ደግሞ በሩን ዘግቶ፣ እርጥበቱን በውስጡ ይዞ፣ በጠራራ ፀሐይ ላይ ይጠብቃል።

ወገኖቼ! ሲሳዩን የሚያመጣው ማዕበሉ ነው፤ ማዕበሉን የሚልከው አላህ ነው። ነገር ግን እግሩን ያልዘረጋ ባርናክል በምግብ መካከል ሆኖ በረሃብ ይሞታል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) የእውነተኛ ተወኩል ምሳሌ አድርገው የጠቀሱልን በጎጆዋ የተኛችን ወፍ ሳይሆን፣ በጠዋት ተርባ ወጥታ ማታ ጠግባ የምትመለሰውን ወፍ ነው። ስለዚህ ጫት ቤት የተጋደምከው ወንድሜ ሆይ፣ የሪዝቅህ ማዕበል በየቀኑ በደጅህ ያልፋል፤ እጅህን ዘርጋ!

ለመሄድ የተነሣኸው ወንድሜ፣ የተነሣሽው እህቴ! ስደት በራሱ ነውር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ615 ሶሐቦች ይህንኑ ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጥተዋል። ነገር ግን የተነሡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አመላክተዋቸው፣ ፍትሐዊ ንጉሥ ወዳለበት አገር መሆኑን አውቀው ነበር። ዓይን የሚታይ የማያክል እጭ እንኳ ሳይዳስስ አይሰፍርም። አእምሮ የተሰጠው የአደም ልጅ ኢስቲኻራ ሳይሰግድ፣ ወላጆቹን ሳያማክር፣ ቀድመው የሄዱትን ሳይጠይቅ ነፍሱን ለማያውቀው ደላላ እንዴት ይሰጣል?

በመካከላችን ውኃው የሸሸበት፣ ሥራ ያጣ፣ ንግዱ የቀዘቀዘበት ሰው ብዙ ነው። ለእርሱ ትምህርቱ ሶብር ነው፤ የሸሸው ውኃ ይመለሳልና። እኛም ያለን ሰዎች በምክርም በገንዘብም ከአጠገቡ እንቁም፤ ባርናክል እንኳ ወገኖቹ ባሉበት ይሰፍራልና።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐላል ሪዝቅን፣ በጎ መኖሪያንና መልካም ጎረቤትን ይወፍቀን። በባሕር ላይ የቀሩትን ይማርልን፤ ለእናቶቻቸውም ሶብሩን ይስጥልን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።