ነጥቡ የማን ነው?

በልጅነታችን መተማ ቆላ ውስጥ ትግል ስንገጥም ዳኛችን መሬት ነበር፤ ጀርባው አፈር የነካ ተሸነፈ፣ አለቀ!

በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሎምፒክ ግን የሶቭየቱ ሜድቬድ ግዙፉን አሜሪካዊ ቴይለርን የረታው በአንዲት ነጥብ ነው፤ ያችም ዳኛው ቴይለርን «አትታገልም» ብሎ የቀጣባት ናት። ዳኛው ኋላ ተሰናበተ፤ ውጤቱ ግን ጸና። ክርክሩም አላባራ።

እኛስ? በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ጦራችን መተማ ላይ የድርቡሾችን ምሽግ ጥሶ ሲገባ አፄ ዮሐንስ ተመቱ፤ ድሉም ከእጅ ወጣ። «አሸንፈን ነበርኮ» እንላለን። እስቲ እንጠያየቅ፦ ጥይቱ የነሱን አዛዥ ዘኪ ቱማልን ቢያገኝ ኖሮ «እነሱ አሸንፈው ነበር» እንል ኖሯል? አንልም!

እንግዲህ ለባላንጣችን የማንቆጥረውን ነጥብ ለራሳችን ስንቆጥር፣ ያው ታጋዮች እንጂ ዳኞች አይደለንም።