ዓሣ አንበሪን ለማየት ስለ መክፈል

ከሰኔ እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ከጆሃንስበርግ ወደ ደርባን ወርደው፣ በጀልባ ዓሣ አንበሪ ለማየት የሚሄዱ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ። ወራቱ ጾመ ፍልሰታን ስለሚጨምር፣ ለመዝናናት መሄድ ይገባ እንደ ሆነ የሚጠይቁ አልጠፉም። ለእኔ ግን የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ትርፍ የሚገኝበት ርኅራኄ፣ ርኅራኄ ሊባል ይችላልን የሚለው ነው።

ጥያቄው ከደርባን ታሪክ የሚወጣ ነው። በዚያች ከተማ ከ1908 እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) ዓሣ አንበሪ ይታደን ነበር። የተገደለው ወደ ወደቡ ተጎትቶ ከገባ በኋላ በባቡር ተጭኖ ብላፍ በተባለው ኮረብታ ወደ ነበረው ማረጃ ይወሰዳል፤ ስቡም ቀልጦ ለሳሙናና ለማርጋሪን ይውላል። ጀርባው ጎበጥ ያለው ዝርያ በደቡቡ የምድር ክፍል እንዳይታደን የተከለከለው በ1963 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የቀረው እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሰው ራርቶ ተወ ከማለት ይልቅ፣ የሚገድለው ሲያጣ ተወ ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል። ዛሬ ዘሩ እንደገና በዝቶ፣ ከአንታርክቲካ ባሕር ተነሥቶ ለመውለድ ወደ ሞዛምቢክ ሲያልፍ፣ በዚያው ወደብ ቲኬት ይሸጥበታል። ትናንት ከሞቱ ይገኝ የነበረው ትርፍ አሁን ከሕይወቱ ይገኛል።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ነጋዴው ያው ነጋዴ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ዳሩ ግን ትርፍና ርኅራኄ አብረው ሲጓዙ መለየት አይቻልም፤ የሚለዩት መንገዱ ሲከፈል ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕግ ፈቃድ የሌለውን ጀልባ በ300 ሜትር፣ ፈቃድ ያለውን በ50 ሜትር ርቀት ያቆመዋል፤ ግልገሏን ወደ ያዘች እናት ግን ባለ ፈቃዱም እንዲቀርብ አይፈቀድለትም። መንገደኛው ሁሉ ከምንም በላይ ሊያይ የሚመኘው ደግሞ ይህንኑ ነው። ካፒቴኑ መሪውን አዙሮ ሲርቅና የከፈሉት ሲያጉረመርሙበት፣ ለርኅራኄው ዋጋ ተከፈለበት። ሕጉን ፈርቶ ነው የሚል ይኖራል፤ ይሁን፣ እናቲቱ ግን ዐርፋለች።

«ከፍዬ ምንም አላየሁም» ብሎ የሚቆጣው የገዛው የጀልባውን ወንበር እንጂ ፍጥረቱን አይደለም። መዝሙር 103 መርከቦቹንና የባሕሩን ታላቅ አውሬ በአንድነት ያነሣል፤ አውሬው ለመርከበኛ ዓይን ተፈጠረ ግን አይልም። ዮናስም ቢሆን ዓሣ አንበሪውን አልጠራውም።

እኛ ስደተኞች ይህን ከሌላው ይልቅ እናውቀዋለን። በሎኬሽን ሱቅ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ የሚሸጥ ወንድማችን ቀኑን ሙሉ ይታያል፤ የሚያየው ዓይን ሁሉ ግን በጎ እንዳልሆነ፣ በግንቦት 2008 (እ.ኤ.አ.) ከአሌክሳንድራ የተነሣው ሁከት አሳይቶናል። ዓሣ አንበሪው መታየት ባይፈልግ የሚሰወርበት ጥልቅ አለው። ወንድማችን ያለው የሱቁ ጓዳ ብቻ ነው።

በጾሙ ወራት ልጆች ይዘው ለመሄድ ላሰቡት፣ ይሂዱ እላለሁ። ነገር ግን እናትና ግልገል ታይተው ጀልባው ፊቱን ሲያዞር፣ ልጆቹ ለምን ብለው መጠየቃቸው አይቀርምና፣ አባት መልሱን ከቤቱ ሳይወጣ ያሰናዳ።