የልጅ ምስጢር የማን ነው?



ከመካከላችን ለብዙ ዓመታት በነርስነት ሠርታ፣ ኋላም በወጣቶች ጤና ሁለተኛ ዲግሪዋን የያዘች አንዲት እህት አለችን። ስትመረቅ እልል ብለን ነበር። ደስታችን ግን ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። የ16 ዓመት ልጅ ያላት ጎረቤታችን ነርሷን መንገድ ላይ አግኝታ፣ «ልጄ ቁፓት ሆሊም መጥታ ምን አለችሽ?» ብትላት፣ «እትዬ፣ እሱን ራሷን ይጠይቋት፤ ከፈለጉ እኔም አብሬያችሁ እቀመጣለሁ» ብላ መለሰችላት። እናትየዋ ተቀየመች፤ ብዙዎቻችንም አብረናት ተቀየምን። «የኛው ልጅ ከኛ ትደብቃለች?» አልን።

ቅያሜው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ባደግንበት አገር ልጅ ቢታመም እናት፣ አባት፣ አያት ተሰብስበው ይመክሩበታል እንጂ፣ ልጁ ለብቻው የሚይዘው ምስጢር አልነበረውም። እዚህም ቢሆን ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሕክምና በአብዛኛው የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሕግ 14 ዓመት የሞላው ልጅ ወላጆቹ ሳይሰሙ የኤድስ ምርመራ የሚያደርግበትን በር ከፍቷል። ሕግ አውጪዎቹ ልጅን ከወላጅ ለመንጠቅ ያሰቡ አይመስለንም፤ «ይነገርብኛል» ብሎ የፈራ ልጅ ከነሕመሙ ቤት እንደሚቀር ስላወቁ ነው።

ነርሷን ምን እንደተማረች ብንጠይቃት፣ ትልቁ ነገር የጥያቄ ቅደም ተከተል ነው አለችን። በአሜሪካ ተጀምሮ በ1988 ከታተመ በኋላ የተስፋፋ ዘዴ አለ። ወላጅ ለጥቂት ጊዜ ከክፍሉ ይወጣል። ልጁ መጀመሪያ ስለ ቤቱ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጓደኞቹና ስለ ጨዋታው፤ ከዚያ ስለ አደንዛዥ ዕፅ፣ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ራሱን የመግደል ሐሳብ መጥቶበት እንደሆነም ይጠየቃል። ይህን ስንሰማ ሳቅን፤ ሽማግሌዎቻችን «ቤቱ ደኅና? ከብቱ ደኅና?» ሳይሉ ዋናውን ነገር መቼ ያነሡ ነበር! ደግሞ ለልጁ አስቀድሞ ይነገረዋል፦ ሕይወትህን የሚያሰጋ ነገር ከሰማሁ፣ ወይም ሰው የሚጎዳህ ከሆነ ዝም አልልም፤ ሌላው ግን እዚሁ ይቀራል።

እኛን ያሳፈረን ግን ሌላ ነገር ነው። ወደዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ ሐኪም ዘንድ ያስተረጎሙልን እነማን ናቸው? ልጆቻችን አይደሉም? የ12 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ የእናቷን የማሕፀን ሕመም በዕብራይስጥ አስረድታለች። ወንዱ ልጅ አባቱ ለሚስቱ እንኳ ያልነገረውን ሰምቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ተርጉሟል። ያን ሁሉ በሆዳቸው ይዘው፣ ለጎረቤት ትንፍሽ ሳይሉ አደጉ። የኛን ገመና እንዲሸከሙ ያልራራንላቸው ልጆች፣ የራሳቸውን ለአንዲት ነርስ ቢያካፍሉ ነውር የምንለው በምን አፋችን ነው?

ቅር አይለንም ማለታችን አይደለም። ልጁ ምን እንደሆነ ሳያውቅ የሚያድር ወላጅ እንቅልፍ የለውም፤ ይህንን የማንም ዲግሪ አያስታግሠውም። ነርሷም ይህን አትክድም፤ ከእናቶች ፊት ዝም ማለት ከትምህርቱ ሁሉ እንደከበዳት ነግራናለች።

ጎረቤታችን እስካሁን ቡና አልጠራቻትም። ባለፈው ሳምንት ለራሷ የሐኪም ቀጠሮ ስትሄድ ግን ልጅቷን ትምህርት ቤት ልካ፣ ሌላ አስተርጓሚ ጠይቃ ሄደች።